«የምን ፐርሰንት?»፦ ስለ ቴሌኮም ሪፖርት ጥያቄና መልስ ከቦሌ አራብሳ

ፀሐፊ (ብሎክ 31)፦ ጎረቤቶች እንደምን ዋላችሁ። በተባባልነው መሠረት ጋሼ ዛሬ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ጥያቄ ይቀበላሉ። ለአዲስ ገቢዎች፦ ጋሼ በቴሌኮም ሒሳብ ሥራ 27 ዓመት ቆይተው ጡረታ ላይ ናቸው። የውጭ ኩባንያዎች ሪፖርት ሲያወጡ ተንታኞች አለቆቹን የሚያፋጥጡበትን ስብሰባ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፣ ደብተርም አላቸው። ከመካከላችን የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን የገዛ ብዙ ስለሆነ ይጠቅመናል ብለን ነው። ስትጽፉ የብሎክ ቁጥር አስቀድሙ። ስለ ውሃ ፈረቃ ዛሬ አይወራም።

መላሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት ሦስት ነገር። ግዙ ወይም ሽጡ አልልም። ኔትወርክ ጠፋብኝ ለሚል መልስ የለኝም፤ እኔም ይሄን የምጽፈው መስኮት ጋ ቆሜ ነው። ፐርሰንት ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ የምን ፐርሰንት እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።

ብሎክ 12፦ ጋሼ፣ ተንታኝ የሚባለው ማነው? አለቆቹስ ለምን ይመልሱለታል? እኛ አገር አለቃን እንዲህ የሚጠይቀው የለም እኮ።

መላሽ፦ ከደላላ ድርጅት፣ ከባንክ ወይም ከጡረታ ፈንድ የሚመጣ ሒሳብ አዋቂ ነው። ለምሳሌ ሳፋሪኮም የናይሮቢ አክሲዮን ገበያ ላይ የተመዘገበ ኩባንያ ነው፤ የበጀት ዓመቱ መጋቢት ላይ ይዘጋል፣ ውጤቱን ግንቦት ላይ ይናገራል፣ የግማሽ ዓመቱን ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር መግቢያ ላይ። መጀመሪያ አለቆቹ በሥዕላ ሥዕል ያስረዳሉ፣ ከዚያ መስመሩ ይከፈትና ጥያቄ ይጀመራል። ካልመለሱለት ተንታኙ «አልመለሱም» ብሎ ይጽፋል፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ይወርዳል። የሚመልሱት ወድደው አይደለም።

አንድ ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ። ተንታኙ ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል። አለቃው ያመሰግናል፣ ሁለቱን ቀላሎች በሰፊው ይመልሳል፣ ከባዷ እዚያው ትቀራለች። ሰዓት አልቋልና ማንም አይመለስባትም። እና ስትጠይቁ አንድ ብቻ ጠይቁ። ለዛሬም ይሠራል።

ብሎክ 58፦ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት ገቢው 162 ቢሊዮን ብር ደርሷል፣ ካለፈው 73 በመቶ አድጓል ተብሏል። (የምን ፐርሰንት እንዳይሉኝ፣ የገቢ ነው።) ይሄ ጥሩ ዜና አይደለም?

መላሽ፦ እንዲህ የተጠየቀ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ወረቀትና እርሳስ ያዙ።

በ2016 ገቢው 93.7 ቢሊዮን ነበር፣ ደንበኛው 78.3 ሚሊዮን። በ2017 ገቢው 162 ቢሊዮን፣ ደንበኛው 83.2 ሚሊዮን። ደንበኛው የጨመረው በ6 በመቶ ገደማ ነው። ገቢው በ73። የቀረው ከየት መጣ? ገቢውን ለደንበኛው አካፍሉ፣ ለ12 ወር አካፍሉ። በ2016 አንድ ደንበኛ በወር ወደ 100 ብር ያመጣ ነበር፣ በ2017 ወደ 162 ብር። ይሄ ደረቅ ስሌት ነው፤ ገቢው ውስጥ ከካርድና ከጥቅል ሌላ ብዙ ነገር አለ። አቅጣጫውን ግን ያሳያል፦ ዕድገቱ ከአዲስ ሰው ሳይሆን ካለው ሰው ኪስ ነው የወጣው። ካለው ሰው ስል አንተ ነህ፣ እኔ ነኝ። ዳታ አብዝተን ተጠቅመን ሊሆን ይችላል፣ ዋጋ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ተንታኝ ቢሆን የሚጠይቀው ይቺን ነው፦ ከጭማሪው ስንቱ ከዋጋ፣ ስንቱ ከአጠቃቀም?

ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ከ130 በላይ ሆኗል። 93.7 ቢሊዮንን በ57 ስታካፍሉ ወደ 1.64 ቢሊዮን ዶላር ነው። 162 ቢሊዮንን በ130 ስታካፍሉ 1.25 ቢሊዮን ገደማ። በብር ሲያድግ በዶላር ቀንሷል። ዓመቱን በሙሉ በ130 ማስላት ትንሽ መጨከን ነው፣ ምንዛሪው ደረጃ በደረጃ ነውና የወጣው። በአማካይ ብትሠሩትም ግን 73 የሚባል ነገር አታገኙም።

ስለዚህ ውሸት ነው አላልኩም። ደመወዝ በብር ነው፣ የመሬት ኪራይ በብር ነው፤ እዚያ ላይ 162 ቢሊዮን እውነተኛ ገንዘብ ነው። ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ደግሞ በዶላር ስለሚከፈል ብር ሲወርድ እሱ በብር ያብጣል። ዕቃው ግን፣ አንቴናው፣ ባትሪው፣ ሶፍትዌሩ፣ ከውጭ ነው የሚገዛው። የምን ፐርሰንት? በየትኛው ገንዘብ? ይቺን ሳትጠይቁ አታጨብጭቡ።

ብሎክ 7፦ የትርፍ ድርሻ መቼ ነው የሚገባልን?

መላሽ፦ ቦርድ ያቀርባል፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይወስናል። ማስታወቂያ አንብብ።

ብሎክ 90፦ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኛ እየጨመረ ለምን ይከስራል? ወንድሜ እዚያ ነው የሚሠራው፣ ሥጋት አለን።

መላሽ፦ ስለ ወንድምህ ሥራ አላውቅም። ስለ ኪሳራው ግን፦

ፈቃዱን በግንቦት 2013 በ850 ሚሊዮን ዶላር ነው የገዙት፣ ለ15 ዓመት። 850ን ለ15 አካፍል፤ በዓመት ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። አንድ ታወር ሳይቆም፣ አንድ ሲም ሳይሸጥ። ለሞባይል ገንዘብ ደግሞ በ2015 ሌላ 150 ሚሊዮን ከፍለዋል። አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመሩት መስከረም 26 ቀን 2015 ነው፤ ብሩ የተለቀቀው ሁለት ዓመት ሳይሞላ። ወጪው በዶላር፣ ገቢው በብር። ይሄን የማንም ጉብዝና አያድነውም።

በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ዋጋ እጅግ በሚንርባቸው አገሮች ሒሳብ አያያዝ ውስጥ ገብታ ነበር፣ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 29 ይባላል። የድሮውን የታወር ዋጋ በዛሬ ብር አሳድጎ ይጽፋል፣ የእርጅና ቅናሹም አብሮ ያብጣል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ሪፖርት ላይ የምታየው ኪሳራ ሁሉ ከካዝና የወጣ ጥሬ ገንዘብ አይደለም።

ተንታኞቹ በየስብሰባው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ኢትዮጵያ መቼ ራሷን ትችላለች? በ2017 ግንቦት የተሰጠው መልስ እስከ መጋቢት 2019 የሚያልቀውን በጀት ዓመት የሚያመለክት ነው፣ በእነሱ 2027። ግን ልብ በሉ፣ የተባለው በኢቢትዳ ነው። ኢቢትዳ ማለት ወለድ፣ ግብር፣ የዕቃ እርጅናና የፈቃድ ክፍያው ሳይቀነስ ያለው ትርፍ ነው። ያ 57 ሚሊዮን ከመስመሩ በታች ነው ያለው። በኢቢትዳ ራሱን ቻለ ማለት አተረፈ ማለት አይደለም። ባለታክሲ የናፍጣና የረዳት ሒሳብ ቀንሶ «ቀኔ ጥሩ ነበር» ሲል የመኪናውን ብድር እንዳልቆጠረ አድርጋችሁ ያዙት።

ብሎክ 66፦ 07 ባይመጣ ኖሮ ግን 09 ዛሬም በሜጋባይት ነበር የሚበላን። እውነት እንነጋገር።

ብሎክ 15፦ 07 አራብሳ ላይ ደረጃ ስር አይሠራም። የምን ውድድር ነው?

ብሎክ 66፦ ብሎክ 15 ደረጃ ስር ምን ትሠራለህ?

ብሎክ 15፦ ሱቄ እዚያ ነው። ካርድ ስሸጥ ከ10 ሰው 8ቱ 09 ነው የሚጠይቀኝ።

ብሎክ 41 (እትዬ)፦ 07 ካርድ ማን ከሱቅ ይገዛል፣ ሁሉም በስልኩ ነው የሚሞላው። ደግሞ ዱቤህን ክፈሉኝ እያልክ ስትጮህ ነው የሚሰማው።

ፀሐፊ፦ ጎረቤቶች፣ ወደ ጥያቄው።

መላሽ፦ ተዋቸው፣ ቁም ነገር አለው። ብሎክ 15 ከ10 ሰው 8 አለ፣ እትዬ ደግሞ ከማን ላይ እንደተቆጠረ ጠየቁት። በፐርሰንት ላይ የሚጠየቀው ይሄው ነው። እትዬን ተንታኝ አድርጉልኝ።

ብሎክ 103፦ ጋሼ ስለ ቴሌኮም ዘርፍ የወደፊት ሁኔታ ምን ይላሉ?

መላሽ፦ ጥያቄ አይደለም ይሄ። የየትኛው ኩባንያ፣ ምኑ፣ እስከ መቼ? አስተካክለህ ተመለስ።

ብሎክ 29፦ የደንበኛ ቁጥር ላይ ጥርጣሬ አለኝ። 83 ሚሊዮን ሰው ስልክ ይዟል ማለት ነው?

መላሽ፦ ሲም ነው የሚቆጠረው፣ ሰው አይደለም። የኛን ብሎክ ጥበቃ ስልክ አይታችሁታል? በላስቲክ የታሰረችው። ባለፈው ካርድ ሲሞላ አሳየኝ፤ ሁለት ሲም አለው፣ 09 ለመደወል፣ 07 ለማታ ዳታ። ከአገር ቤት ሲመጣ የያዛት ሦስተኛ ሲም ደግሞ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልላ ተቀምጣለች፣ ወንድሙ ገንዘብ ሲልክ ያወጣታል። አንድ ሰው ነው፤ ለሁለት ኩባንያ ሦስት ደንበኛ ሊሆን ይችላል።

ሊሆን ይችላል ያልኩት አቆጣጠሩ ስለሚለያይ ነው። የተመዘገበ አለ፣ በ90 ቀን ውስጥ አንዴ የተጠቀመ አለ፣ በ30 ቀን ውስጥ የተጠቀመ አለ። ሳፋሪኮም ብዙ ጊዜ የ90 ቀኑን ይናገራል። ጥበቃችን ሦስተኛዋን ሲም በዓመት በዓል ብቻ ካወጣት በአንዱ አቆጣጠር አለች፣ በሌላው የለችም። የሁለት ኩባንያ ቁጥር ጎን ለጎን ከማስቀመጣችሁ በፊት የቱ እንደሆነ ጠይቁ። የበጀት ዓመታቸውም አይገጥምም፤ የኛው ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የእነሱ መጋቢት 23 ላይ። ጋዜጣ ላይ «ዘንድሮ ይሄ ያንን በለጠ» ሲባል የማን ዘንድሮ ነው?

ብሎክ 22፦ የትርፍ ድርሻ በቴሌብር ነው ወይስ በባንክ የሚገባው? መቼስ ነው?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።

ብሎክ 8፦ ስለ ወጪ ንገሩን። ሁሉም ዋጋ ጨመሩ ሲባሉ «ወጪ ናረ» ይላሉ። ምን ላይ ነው ይሄ ሁሉ የሚወጣው?

መላሽ፦ አሁን መጣችሁ።

ሳይት ስል የታወር ሳይት ነው፣ የአራብሳን ሳይት አይደለም፤ ባለፈው ጊዜ ተደባልቆባችሁ ነበር። አንድ ሳይት መብራት ሲኖር ከመስመር ይወስዳል። መብራት ሲሄድ ባትሪ ይይዘዋል። ባትሪው ሲደክም ጄኔሬተር ይነሳል። ትንሹ ጄኔሬተር በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር ከ480 እስከ 720 ሊትር። በዚህ ወር የማደያ ዋጋ እናንተው አባዙት። ለአንድ ሳይት ነው። ከዚያ የሚያመላልሰው መኪና፣ ሾፌሩ፣ ዘይትና ፊልትሮው፣ ጥበቃው። ከከተማ በራቀ ቁጥር ናፍጣውን ለማድረስ የሚወጣው ናፍጣውን ያህል ይሆናል።

አንድ ጊዜ፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ከከተማ ወጣ ያለ ሳይት ለቆጠራ ተላክሁ። ጥበቃው ቡና አፈላልኝ። ታንከሩ ላይ የሚነከር የቀርከሃ ዱላ ነበር፣ በቢላ እየተጠረበ ምልክት የተደረገበት። ነክሬ ሳወጣው የረጠበው ከታች አንድ ስንዝር ነው። ጄኔሬተሩ ላይ ደግሞ የሰዓት ቆጣሪ አለች፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ የምትናገር፤ ማንም አያያትም። ካለፈው ቆጠራ ወዲህ 312 ሰዓት። በሰዓት 2.5 ሊትር ብትሉ 780 ሊትር ነው። የተላከው ደረሰኝ ግን 1,400 ይላል። ልዩነቱ 620 ሊትር፣ በቢጫ ጀሪካን 31። ጥበቃው 31 ጀሪካን ተሸክሞ የሚሄድበት አህያ እንኳን አልነበረውም። እሱን ነው ያባረሩት። በኋላ የመጫኛውን ደረሰኝ ሳገላብጥ ናፍጣው ከዴፖው ጀምሮ ሙሉ ወጥቶ እንደማያውቅ ገባኝ። ሪፖርት ጻፍኩ። ማኅደር ውስጥ አለ።

ይሄን የማወራው ለትዝታ አይደለም። «የነዳጅ ዋጋ ናረ» ሲሉ ዋጋው ነው የናረው ወይስ ሊትሩ? ሁለቱ የተለያየ ሰው ነው የሚያስጠይቁት። ዋጋ ከሆነ መንግሥትና ዓለም ነው። ሊትር ከሆነ አለቃው ነው።

ሌላው የረቀቀው ነገር። ናፍጣ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ስለሆነ ኢቢትዳ ውስጥ ይታያል። ሶላርና ባትሪ ግን የካፒታል ወጪ ነው፣ ኢቢትዳ አያየውም። ስለዚህ ኩባንያው ጄኔሬተሩን በሶላር ሲቀይር ኢቢትዳው ወዲያው ያምራል፣ ገንዘቡ በሌላ በር ቢወጣም። መቀየሩ ጥሩ ነው፣ እኔም የምደግፈው ነው። ግን አለቃው «ወጪ ቀነስን» ሲል ቀነሰ ወይስ አዛወረ? መብራት እየሄደ እየመጣ በየቀኑ የሚራገፍ ባትሪ ደግሞ ካታሎጉ ላይ የተጻፈለትን ዕድሜ አይኖርም።

ብሎክ 77፦ ታወር ለካንሰር ያጋልጣል የሚባለው እውነት ነው?

መላሽ፦ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሐኪም ጠይቅ።

ብሎክ 77፦ ብሎክ 80 ጎን ያለው ግን በጣም ቅርብ ነው።

ብሎክ 80፦ እኛ ጋ እኮ ነው ኔትወርክ ያለው፣ ሁላችሁም ቪዲዮ ለመጫን የምትመጡት ወደኛ ደረጃ ነው!

ብሎክ 19፦ ቴሌብርን ኤምፔሳ ይቀድመዋል ይላሉ?

መላሽ፦ ቴሌብር የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ነው፤ ኤምፔሳ ነሐሴ 2015። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ብቻውን ሜዳ ላይ ሮጧል። ለቀዳሚነቱ ይሄ ይበቃል፣ ሌላ ጥበብ አትፈልጉ። ኬንያ ውስጥ ቀድሞ ሜዳውን የያዘው ራሱ ኤምፔሳ ነበር፣ በ2007 በእነሱ አቆጣጠር፤ እዚህ ተገለበጠበት። ተመዝጋቢ ስንት ነው አትበሉ፣ በወር አንዴ እንኳ ሱቅ የከፈለበት ስንት ነው በሉ። ብሎክ 15፣ በቴሌብር ይከፍሉሃል?

ብሎክ 15፦ ይከፍላሉ። ዱቤውን ነው እንጂ የማይከፍሉት።

ብሎክ 52፦ ጋሼ፣ ለገጣፎ በኩል የቤተሰብ መሬት አለን። ታወር ለማቆም ጠይቀውናል። ስንት እንበል?

መላሽ፦ ስንት በሉ አልልም፤ ቦታውን አላየሁትም። ውሉ ላይ ግን አራት ነገር ተመልከቱ። ኪራዩ በየስንት ዓመቱ፣ በስንት እንደሚጨምር በጽሑፍ ይኑር፤ የ10 ዓመት ውል በአንድ ዋጋ ፈርመው ዛሬ የሚያለቅሱ አውቃለሁ። ቆጣሪው ከእናንተ የተለየ ይሁን። ሌላ ኩባንያ አንቴና ልስቀል ብሎ ሲመጣ ለእናንተ ይጨመርላችሁ እንደሆነ ይጻፍ፤ ታወር መጋራት ዛሬ የተለመደ ነው፣ ተፎካካሪ ለተፎካካሪ ያከራያል። ውሉ ሲያልቅ ኮንክሪቱን ማን እንደሚነቅል ይጻፍ። እሱን ሁሉም ይረሳዋል። ጠበቃ ያንብብላችሁ።

ብሎክ 7፦ እኛ 33 አክሲዮን የገዛን ሰዎች ብንጠይቅ ማን ይሰማናል? ስለ ትርፍ ድርሻ አይደለም የምጠይቀው ጋሼ፣ አይቆጡ።

መላሽ፦ አልተቆጣሁም። ጥሩ ጠየቅህ።

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ለሽያጭ የቀረበው የኩባንያው 10 በመቶ ነው፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር። ትንሹ 33 ነው፣ 9,900 ብር። የካቲት 7 ሲዘጋ የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ 3.2 ቢሊዮን ብር፣ ገዢው 47,377 ሰው። ከጠቅላላው ኩባንያ 1 በመቶ ቢሆን ነው። 99ኙ የመንግሥት ነው። በድምፅ ብዛት ምንም አትለውጡም፣ አላታልላችሁም። ናይሮቢ ላይ አለቃው የሚመልሰው ግን ተንታኙ ድምፅ ስላለው አይደለም፤ የጠየቀው ጥያቄ መዝገብ ላይ ስለሚገባና በሚቀጥለው ስብሰባ «ባለፈው እንዲህ ብለው ነበር» ስለሚባል ነው። ደብተር ያዙ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቁጥር ያለው፣ አንድ አንድ።

እኔ ብሆን የማስገባው ይሄን ነው፦ ባለፈው ዓመት ጄኔሬተሮቻችሁ ስንት ሰዓት ሠሩ፣ ስንት ሊትር ጠጡ? በብር አትንገሩኝ። ሰዓትና ሊትር።

ብሎክ 103፦ ጋሼ አስተካክዬ መጣሁ። የኢትዮ ቴሌኮም የዳታ ገቢ በ2018 ከ2017 ጋር ሲነጻጸር...

መላሽ፦ ቆይ፣ መብራት ሄደ። ሞባይሉ 9 በመቶ ነው። የምን ፐርሰንት እንዳትሉኝ።

ብሎክ 80፦ እኛም ጋ ሄደ። ታወሩ ግን ገና ዝም ብሏል፣ ባትሪ ላይ ነው መሰለኝ።

መላሽ፦ ሲነሳ ሰዓቱን ጻፍልኝ። ሲጠፋም።

ብሎክ 80፦ ተነሳ። 10 ከ07።

ብሎክ 41 (እትዬ)፦ ይቅርታ፣ ውሃ መጥቷል። ፓምፑ ሳይቆም ሙሉ።